ጨመረ፣ አበዛ፣ አሰፋ፦ ተገቢውን ግሥ ስለ መምረጥ

ሀ. መግቢያ

ባለፈው ትምህርት ተመሳሳይ ቃላት ማለት በፍቺ አንድ ዓይነት ወይም ተቀራራቢ የሆኑ ቃላት ማለት እንደ ሆነ ተምራችኋል። በዚህ ትምህርት የምናተኩረው «ተቀራራቢ» በሚለው ላይ ነው። ሁለት ሰዎች ጎረቤታሞች ስለ ሆኑ በአንድ ቤት ይኖራሉ ማለት እንዳልሆነ ሁሉ፣ ሁለት ቃላትም ፍቺያቸው ስለ ተቀራረበ ብቻ አንዱ በሌላው ቦታ ይገባል ማለት አይደለም።

አንድን ነገር ከነበረበት የሚበልጥ እንዲሆን ማድረግን የሚያመለክቱ ግሦች በአማርኛ ብዙ ናቸው። ጨመረ፣ አበዛ፣ አሰፋ፣ አስፋፋ፣ አስረዘመ፣ አራዘመ፣ አሳደገ፣ አጠናከረ፣ አጎለበተ፣ አዳበረ፣ አጎላ፣ አፋፋመ፣ አባባሰ፣ አጋነነ ከእነዚህ መካከል ይገኛሉ። ድርሰት፣ ማመልከቻ ወይም ዘገባ ስትጽፉ በአብዛኛው መጀመሪያ ወደ አእምሯችሁ የመጣውን ትወስዳላችሁ። እናንተ ያሰባችሁትን ስለምታውቁ ቃሉ የተስማማ ይመስላችኋል። አንባቢው ግን በእጁ ያለው የጻፋችሁት ቃል ብቻ ነው። ሥራ የሚሠራውም፣ ገንዘብ የሚመድበውም፣ የሚፈርደውም በዚያ ቃል ነው።

ከዚህ በታች የቀረበውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

ለ. ምንባብ፦ አንድ ቃልና አንድ ዓመት

ከከተማ ራቅ ብሎ በሚገኝ አንድ የገጠር ቀበሌ ውስጥ ሁለት መንደሮች ነበሩ። የላይኛው መንደር ቦኖ ውኃ ነበረው፤ የታችኛው መንደር ግን አልነበረውም። የታችኛው መንደር ሴቶችና ልጆች እንስራና ጀሪካን ተሸክመው ዳገቱን እየወጡ ከላይኛው መንደር ይቀዱ፣ ወረፋው ሲረዝምባቸውም ወደ ወንዝ ይወርዱ ነበር። በሁለቱ መንደሮች መካከል ያለው ርቀት ከ600 ሜትር አይበልጥም።

የታችኛው መንደር ነዋሪዎች ተሰብስበው ለወረዳው የውኃ ጽሕፈት ቤት ማመልከቻ እንዲጻፍ ተስማሙ። ጸሐፊ አድርገው የመረጡት አንዲት የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ልጅቱ በትምህርቷ ጎበዝ ነበረች፤ የእጅ ጽሕፈቷም ያማረ ነበር። ሽማግሌዎቹ የነገሯትን ሁሉ አዳምጣ እንዲህ ስትል ጻፈች፦

«የቀበሌያችን የውኃ መስመር ለሕዝቡ በቂ ስላልሆነ እንዲሰፋልን በትሕትና እናመለክታለን።»

ማመልከቻው ሲነበብላቸው ሽማግሌዎቹ ደስ አላቸው፤ ፈርመውም ላኩት። ከሦስት ወር በኋላ ጽሕፈት ቤቱ ሁለት ባለሙያዎችን ላከ። ዕለቱ የገበያ ቀን ስለ ነበረ የታችኛው መንደር ሰዎች አብዛኞቹ በቀያቸው አልነበሩም። ባለሙያዎቹ በቀጥታ ወደ ላይኛው መንደር ሄደው የቧንቧውን ውፍረት ለኩ፤ በቦኖው የሚወርደውን የውኃ መጠን መዘገቡ፤ ከዚያም «ቧንቧው ለዚህ ቦኖ ይበቃል፤ በሌላ ሰፊ ቧንቧ መለወጥ አያስፈልገውም» ብለው ጽፈው ተመለሱ።

የጽሕፈት ቤቱ መልስ በደረሰ ጊዜ አንድ አዛውንት ልጅቱን አስጠርተው፣ «ልጄ፣ እኛ መቼ ቧንቧው ጠበበ አልን? አጠረ እንጂ! ወደ እኛ ይድረስልን ነው ያልነው» አሏት። ልጅቱም የማመልከቻውን ቅጂ አውጥታ እንደ ገና አነበበችው። ጥቂት ዝም ካለች በኋላ፣ «አባባ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እንደ ገና ልጻፈው» አለች። ሁለተኛው ማመልከቻ እንዲህ ይል ነበር፦

«በላይኛው መንደር ካለው ቦኖ ተነሥቶ እስከ ታችኛው መንደር ድረስ የውኃው መስመር 600 ሜትር ያህል እንዲረዝምልንና በመንደራችን አንድ ቦኖ እንዲጨመርልን በትሕትና እናመለክታለን።»

ጥያቄው ተፈቀደ። ነገር ግን የዓመቱ በጀት ተደልድሎ ያለቀ ስለ ነበረ ሥራው ለሚቀጥለው ዓመት ተላለፈ። የታችኛው መንደር ሴቶችም አንድ ዓመት ሙሉ ያንኑ ዳገት ወጡ፤ ያንኑ ዳገት ወረዱ።

ሐ. የምንባቡ ማብራሪያ

የመጀመሪያውን ማመልከቻ በሰዋስው በኩል ብትመረምሩት ጉድለት አታገኙበትም። ባለቤቱና ማሰሪያ አንቀጹ ይስማማሉ፤ «እንዲሰፋልን» የሚለውም ግሥ በትክክል ረብቷል። ስሕተቱ ያለው በምርጫው ነው።

«ሰፋ» የሚለው ግሥ የጎንን ስፋት ወይም የመያዝን አቅም ይመለከታል። ስለዚህ የውኃ ባለሙያ «መስመሩ ይስፋ» የሚል ማመልከቻ ሲያነብ የሚያስበው ቧንቧው በሌላ ሰፊ ቧንቧ እንዲለወጥ ነው። «ረዘመ» የሚለው ደግሞ የነገሩ ጫፍ እስከ የት እንደሚደርስ ይናገራል። «ተጨመረ» የሚለው በፊት በነበረው ላይ ሌላ መምጣቱን ያመለክታል። ቧንቧን ማስፋት፣ መስመርን ማስረዘምና ቦኖ መጨመር ሦስት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የሚጠይቁት ዕቃም ሆነ ገንዘብ የተለያየ ነው። በሁለተኛው ማመልከቻ ውስጥ ግሦቹ በየቦታቸው ከመግባታቸውም በላይ፣ መነሻው፣ መድረሻውና ልኩ ተጽፈዋል።

መ. የግሦቹ አመሠራረት

ከላይ ከዘረዘርናቸው ግሦች አብዛኞቹ የተገኙት ከማይሻገሩ ግሦች ነው። አንድ ነገር በራሱ «ሰፋ»፤ ሌላው ደግሞ ያንን ነገር «አሰፋ»። አመሠራረታቸውን በአራት ክፍል ማየት ይቻላል።

1. «አ» የሚለውን መነሻ ቅጥያ በመጨመር፦ ሰፋ — አሰፋ፤ በዛ — አበዛ፤ ጎላ — አጎላ፤ ዳበረ — አዳበረ፤ ጎለበተ — አጎለበተ።

2. «አስ» የሚለውን መነሻ ቅጥያ በመጨመር፦ አደገ — አሳደገ፤ ረዘመ — አስረዘመ። «አደገ» በራሱ በ«አ» ስለሚጀምር ሌላ «አ» ሊጨመርበት አይችልም፤ ስለዚህ «አስ» ይጨመርበታል።

3. «አ»ን ጨምሮ ከግሡ ፊደሎች አንዱን ወደ ራብዕ በመለወጥ፦ ረዘመ — አራዘመ፤ ጠነከረ — አጠናከረ።

4. አንዱን የግሡን ፊደል በመድገም፦ ሰፋ — አስፋፋ፤ ባሰ — አባባሰ፤ ፋመ — አፋፋመ፤ ሞቀ — አሟሟቀ። እነዚህ ግሦች ድርጊቱ በአንድ ጊዜ ያላለቀ፣ እየተደጋገመ ወይም እየተዛመተ የሄደ መሆኑን ያሳያሉ።

«ጨመረ» ከእነዚህ ሁሉ ይለያል። ምንም ቅጥያ ሳያስፈልገው በራሱ ተሻጋሪ ነው፤ «አሠሪው ደመወዝ ጨመረ» እንላለን። በሌላ በኩል ደግሞ ያለ ተሳቢ ይነገራል፤ «የወንዙ ውኃ ጨመረ» እንላለን። ይህ ሁለት ጠባይ ያለው መሆኑ ለጸሐፊ ምቹ ቢሆንም አደጋ አለበት። «የትራንስፖርት ዋጋ ጨመረ» ብላችሁ ብትጽፉ የጨመረው ማን እንደ ሆነ አልተናገራችሁም፤ ዋጋው እንደ ወንዝ ውኃ በራሱ የሞላ ይመስላል። አድራጊው መታወቅ በሚገባው ጊዜ «የታክሲ ባለንብረቶች ዋጋ ጨመሩ» ወይም «የከተማው አስተዳደር የታሪፍ ጭማሪ ፈቀደ» ብላችሁ ባለቤቱን አስቀምጡ።

ሠ. የጨመረው ምንድን ነው?

ግሥ ከመምረጣችሁ በፊት የምትጽፉለትን ነገር ጠባይ መርምሩ።

1. ቁጥርና መጠን። «ጨመረ» በነበረው ላይ ሌላ ማምጣትን ያመለክታል፤ «ለክፍሉ ዐሥር ወንበሮች ተጨመሩ» ይባላል። «አበዛ» ግን ውጤቱ ብዙ መሆኑን ይናገራል። አንድ ወንበር መጨመር ይቻላል፤ በአንድ ወንበር ግን ወንበር «በዛ» አይባልም።

2. ስፋት። «አሰፋ» አንድን የታወቀ ነገር ይመለከታል፤ መንገድ፣ በር፣ ግቢ ይሰፋል። «አስፋፋ» ግን ከነበረበት ቦታ አልፎ ወደ ሌላ ቦታ እንዲደርስ ማድረግ ነው፤ ትምህርት፣ ንግድ፣ ሃይማኖት ይስፋፋል። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እየቆየ በ15 ቋንቋዎች እስከ ማስተማር ደርሶ ነበር። ስለዚህ ዘመቻ ስንጽፍ «ማንበብና መጻፍን ወደ ገጠር አስፋፋ» እንላለን። «ማንበብና መጻፍን አሰፋ» ብንል ግን አማርኛው ይጎረብጣል።

3. ርዝመትና ጊዜ። «አስረዘመ» በሜትር ወይም በክንድ ለሚለካ ነገር፣ «አራዘመ» ደግሞ በብዛት ለጊዜ ይነገራል። «ገመዱን አስረዘመ»፤ «ቀጠሮውን አራዘመ»። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያለባችሁ «ስብሰባው ተራዘመ» የሚለው ዐረፍተ ነገር ሁለት ፍቺ ስላለው ነው። ስብሰባው ወደ ሌላ ቀን ተላልፎ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ከታሰበለት ሰዓት በላይ ቆይቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ወደ ኅሙስ ተራዘመ» ወይም «በሁለት ሰዓት ተራዘመ» ብላችሁ ግለጹት።

በስፋትና በርዝመት መካከል ያለውን ልዩነት ከታሪክ በተወሰደ ምሳሌ እንመልከት። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር ሥራ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1897 ነበር። ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ እ.ኤ.አ. በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። በእነዚህ ዓመታት ሐዲዱ «ረዘመ» እንላለን፤ «ሰፋ» አንልም። በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ርቀት በጅቡቲም በአዲስ አበባም ያው 1 ሜትር ነበርና። በኢትዮጵያ በኩል እ.ኤ.አ. በ2016 በተመረቀው አዲስ መስመር ላይ ይህ ርቀት 1.435 ሜትር ነው። ታዲያ «የምድር ባቡሩ ሐዲድ ሰፋ» ብሎ መጻፍ ይገባልን? አይገባም። የቀድሞው ሐዲድ ራሱ አልሰፋም፤ የተደረገው ነገር ሌላ ሰፊ ሐዲድ መሥራት ነው። ትክክለኛው አባባል «ከቀድሞው የሰፋ አዲስ ሐዲድ ተሠራ» የሚለው ይሆናል።

4. ኃይልና ችሎታ። «አጠናከረ» ቀድሞ የቆመውን ነገር እንዳይወድቅ ወይም እንዳይላላ ማድረግ ነው፤ ማኅበር፣ ጥበቃ፣ ወዳጅነት ይጠናከራል። በትምህርቱ ለደከመ ተማሪ የሚሰጠው ትምህርት «የማጠናከሪያ ትምህርት» የተባለው በዚህ ምክንያት ነው። «አጎለበተ» ጉልበት መስጠትን፣ አቅም ማስገኘትን ይገልጻል። «አዳበረ» በእንክብካቤና በጊዜ ለሚበለጽግ ነገር ይስማማል፤ ቋንቋ፣ ልምድ፣ የንባብ ፍላጎት ይዳብራል። ገበሬው በማሳው ላይ የሚበትነው «ማዳበሪያ» ስሙን ያገኘው ከዚሁ ግሥ ነው።

5. ሕይወት ያለው ነገርና ደረጃ። «አሳደገ» ለልጅ፣ ለእንስሳት፣ ለማዕረግ ይነገራል። ፎቶግራፍ አንሺዎችም ትንሹን ፎቶግራፍ ትልቅ አድርገው ሲያወጡ «አሳደግን» ይላሉ።

6. ድምፅና መልክ። «አጎላ» ሳይሰማ ወይም ሳይታይ የቀረውን ነገር እንዲሰማና እንዲታይ ማድረግ ነው። «ድምፅ ማጉያ» እና «አጉሊ መነጽር» የሚሉት ስሞች ከዚህ ግሥ የመጡ ናቸው። አጉሊ መነጽር ጉንዳኑን አያሳድገውም፤ ለዓይናችን ያጎላዋል እንጂ። በድርሰትም «ጸሐፊው የእናቲቱን ሐዘን አጎላው» ስንል ሐዘኑ በደንብ ታየን ማለታችን ነው።

7. እንቅስቃሴ። እሳት፣ ጦርነት፣ ዘመቻ ይፋፋማል፤ ጨዋታ ይሟሟቃል፤ ሥራና ገበያ ይጧጧፋል።

8. ክፉ ነገር። በሽታ፣ ጠብ፣ ችግር ሲጨምር «ተባባሰ» እንላለን። «የተበከለው ውኃ በሽታውን አዳበረው» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ፣ በሽታው እንደ ተክል እንክብካቤ የተደረገለት አስመስሎ ያቀርበዋል። «አባባሰው» ብሎ ቢጽፍ ግን አንባቢው ነገሩ ጉዳት መሆኑን ከቃሉ ብቻ ይረዳል።

ረ. የሚያሳስቱ ጥንድ ቃላት

አበዛና አባዛ። በአንድ ፊደል ቅርፅ ብቻ ይለያያሉ። «አበዛ» ብዙ አደረገ ማለት ሲሆን «አባዛ» ግን የሒሳብና የጽሕፈት ሥራ ቃል ነው። 6ን በ4 ስናባዛ 24 እናገኛለን፤ የፈተና ወረቀትም በማባዣ መሣሪያ ይባዛል። ሁለቱ ከአንድ ሥር ቢወጡም ማባዛት ሁልጊዜ ማብዛት አይደለም። 12ን በግማሽ ብናባዛ የምናገኘው 6 ብቻ ነውና።

አሰፋና አሰፋ። አጻጻፋቸው አንድ ነው፤ ንባባቸው ግን ይለያያል። «ሰ» ላልቶ ሲነበብ «ሰፊ አደረገ» ማለት ይሆናል። «ሰ» ጠብቆ ሲነበብ ደግሞ «ልብስ ሰፊው እንዲሰፋለት አደረገ» ማለት ነው። ጽሕፈታችን መጥበቅንና መላላትን ስለማያሳይ «እኅቴ ቀሚስ አሰፋች» የሚለውን አንባቢው በሁለቱም መንገድ ሊረዳው ይችላል። «የጠበባትን ቀሚስ አሰፋች» ወይም «ለበዓሉ አዲስ ቀሚስ አሰፋች» ብትሉ ግን የተጨመሩት ቃላት ጥርጣሬውን ያስወግዳሉ።

አገነነና አጋነነ። «አገነነ» ስምን ወይም ክብርን ከፍ ማድረግ ነው። «አጋነነ» ግን ከእውነቱ አሳልፎ መናገር ነው። «ጋዜጠኛው የጀግናውን ሥራ አገነነ» ብትሉ ጋዜጠኛውን ታመሰግናላችሁ፤ «አጋነነ» ብትሉ ግን ከእውነት ርቋል ብላችሁ ትከሱታላችሁ።

ሰ. ግሡ የሚሸከመው ፍርድ

አንዳንድ ግሦች የተደረገውን ከመናገር አልፈው በተደረገው ላይ ይፈርዳሉ። በየቤታችሁ የምትሰሙትን ምሳሌ ውሰዱ። «እናቴ ወጡ ላይ ጨው ጨመረች» ብትሉ የተደረገውን ተናገራችሁ። «እናቴ ወጡ ላይ ጨው አበዛች» ብትሉ ግን ወጡ ጨው ጨው ብሏል፣ አልተበላም ማለታችሁ ነው። አባቶቻችን «ነገር ቢበዛ በአህያ አይጫንም»፣ «ማርም ሲበዛ ይመራል» ሲሉ «በዛ» የሚለው ቃል ከልክ ማለፍን እንደሚያመለክት ያሳዩናል።

ስለ ዋጋ የሚነገሩትንም ግሦች አነጻጽሩ። «ነጋዴው ዋጋ ጨመረ» የሚለው ከፍርድ ነጻ ነው፤ ለዘገባ ይስማማል። «ነጋዴው ዕቃውን አስወደደ» የሚለው የገዢውን ችግር ያሰማል። «ነጋዴው ዋጋ ሰቀለ» ወይም «አናረ» የሚለው ደግሞ ያለ ምክንያት፣ ከልክ በላይ አደረገ የሚል ክስ አለበት። ለጋዜጣ ዜና ስትጽፉ ያለ ማስረጃ «ሰቀለ» ብትሉ ሰውን በቃል በደላችሁ። በአንጻሩ ደግሞ ዋጋው በእርግጥ ከልክ አልፎ ሕዝብ ተቸግሮ ሳለ «ጥቂት ጨመረ» ብትሉ የተቸገረውን በደላችሁ። ቃላችሁ ከእውነቱ ጋር ይመጣጠን።

ሸ. ከእንግሊዝኛ ስትመልሱ

ብዙዎቹን የትምህርት ዓይነቶች በእንግሊዝኛ ስለምትማሩ ሐሳቡ በመጀመሪያ በእንግሊዝኛ ቃል ወደ አእምሯችሁ ሊመጣ ይችላል። «ኢንክሪስ» የሚለውን ሁሉ «ጨመረ»፣ «ኤክስቴንድ» የሚለውን ሁሉ «አራዘመ» ብሎ መመለስ የተለመደ ስሕተት ነው። «ኤክስቴንድ» ለሐዲድ ሲነገር «አስረዘመ»፣ ለቀጠሮ ሲነገር «አራዘመ»፣ ለእጅ ሲነገር «ዘረጋ» ይሆናል። «ኤክስፓንድ»ም ለመንገድ «አሰፋ»፣ ለንግድ «አስፋፋ» ይሆናል። «ኢንላርጅ» ለፎቶግራፍ «አሳደገ»፣ «አምፕሊፋይ» ለድምፅ «አጎላ»፣ «አግራቬት» ለበሽታ «አባባሰ» ነው። ስለዚህ የእንግሊዝኛውን ቃል ለብቻው ነጥላችሁ አትመልሱት። የሚነገርለትን ነገር አብራችሁ ተመልከቱ፤ ከዚያም «ይህን ነገር በአማርኛ ምን ያደርጉታል?» ብላችሁ ጠይቁ።

ስትጠራጠሩ መዝገበ ቃላት ተመልከቱ። በ1951 ዓ.ም. የታተመው የተሰማ ሀብተ ሚካኤል ከሣቴ ብርሃን እና በ1962 ዓ.ም. የታተመው የደስታ ተክለ ወልድ የአማርኛ መዝገበ ቃላት ለዚህ ይረዷችኋል። እንዲህ ባሉ መዝገበ ቃላት «አሳደገ»ን ስትፈልጉ «አደገ» ከሚለው ሥር፣ «አባባሰ»ን ስትፈልጉ «ባሰ» ከሚለው ሥር መጀመር እንዳለባችሁ አትዘንጉ።

ቀ. ማጠቃለያ

«ጨመረ»ን ወይም ከተመሳሳዮቹ አንዱን ከመጻፋችሁ በፊት ራሳችሁን አራት ጥያቄዎች ጠይቁ።

አንደኛ፣ የበለጠው ምንድን ነው? ቁጥሩ ነው? ስፋቱ ነው? ርዝመቱ ነው? ጊዜው ነው? ወይስ ኃይሉ?

ሁለተኛ፣ ያደረገው ማን ነው? ባለቤቱ በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ ይታያልን?

ሦስተኛ፣ መብለጡ መልካም ነው ወይስ ክፉ? ግሡ የሚፈርደው ፍርድ እውነት ነውን?

አራተኛ፣ ከግሡ በተጨማሪ መነሻና መድረሻ፣ ልክና ቁጥር መጻፍ ያስፈልጋልን?

በምንባቡ ውስጥ ያለችው ልጅ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ጥያቄ አስቀድማ ጠይቃ ቢሆን ኖሮ፣ የታችኛው መንደር ቦኖ አንድ ዓመት ቀድሞ ይተከል ነበር።

በ. መልመጃ

መልመጃ 1፦ ከምንባቡ ለወጡት ለሚከተሉት ጥያቄዎች በሙሉ ዐረፍተ ነገር መልስ ስጡ።

1. ባለሙያዎቹ ወደ ላይኛው መንደር ብቻ የሄዱት ለምንድን ነው?
2. «እኛ መቼ ቧንቧው ጠበበ አልን? አጠረ እንጂ!» በሚለው አነጋገር ውስጥ የሚገኙትን ሁለት ግሦች ተቃራኒ ጻፉ።
3. በሁለተኛው ማመልከቻ ውስጥ በመጀመሪያው ያልነበሩ ምን ምን ነገሮች ተገልጸዋል?
4. ሽማግሌዎቹ የመጀመሪያው ማመልከቻ ሲነበብላቸው ስሕተቱን ያላስተዋሉት ለምን ይመስላችኋል?

መልመጃ 2፦ በቅንፍ ውስጥ ካሉት ግሦች ተገቢውን መርጣችሁ ዐረፍተ ነገሮቹን አሟሉ።

1. ዝናቡ በመንገዱ ላይ የነበረውን ጉድጓድ ይበልጥ _____። (አሰፋው፣ አስፋፋው፣ አዳበረው)
2. ተማሪዋ በየቀኑ በማንበብ የቋንቋ ችሎታዋን _____። (አባባሰች፣ አዳበረች፣ አስረዘመች)
3. መምህሩ የማመልከቻ ማቅረቢያውን ጊዜ በአንድ ሳምንት _____። (አሰፉት፣ አራዘሙት፣ አጎሉት)
4. ሐኪሙ «ሕመሙን ያለ ሐኪም ትእዛዝ የወሰድከው መድኃኒት _____» አሉት። (አጠናከረው፣ አሳደገው፣ አባባሰው)
5. 9ን በ7 _____ 63 ይሆናል። (ሲበዛ፣ ሲባዛ፣ ሲጨመር)
6. ምስክሩ ያየውን ብቻ ከመናገር ይልቅ ነገሩን _____ ስላቀረበ ቃሉ አልታመነም። (አገንኖ፣ አጋንኖ፣ አጎልብቶ)

መልመጃ 3፦ የሚከተሉት ዐረፍተ ነገሮች ከአንድ በላይ ፍቺ አላቸው፤ ወይም አድራጊውን ይሸሽጋሉ። ጉድለታቸውን ነግራችሁ አስተካክላችሁ ጻፏቸው።

1. የስፖርት ውድድሩ ተራዘመ።
2. ወንድሜ ኮት አሰፋ።
3. የትምህርት ቤት ክፍያ ጨመረ።
4. ትምህርት ቤታችን ይስፋልን።

መልመጃ 4፦ በአካባቢያችሁ ሊበዛ፣ ሊሰፋ፣ ሊረዝም ወይም ሊጠናከር የሚገባውን አንድ ነገር ምረጡ። መንገድ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ የጤና ጣቢያ አገልግሎት ወይም ሌላ ሊሆን ይችላል። ስለዚሁ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ከአንድ ገጽ ያልበለጠ ማመልከቻ ጻፉ። ከጨረሳችሁ በኋላ ስለ ጉዳዩ ለማያውቅ አንድ የክፍል ጓደኛችሁ አስነብቡት። ጓደኛችሁ ምን እንዲደረግ እንደ ጠየቃችሁ በራሱ አነጋገር ይንገራችሁ። የነገራችሁ ነገር ካሰባችሁት ጋር ካልተስማማ፣ ከጓደኛችሁ ጋር አትከራከሩ፤ ማመልከቻውን አርሙ።